ኩባያውን አትንኪ

እናቴ ከሚሴ ከተማ ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት ኖራለች። በስድስቱ ዓመት ከልጄ እጅ ውሃ ጠጥታ አታውቅም።

የራሷ ኩባያ ነበራት፤ በገዛ እጇ የሠራችው የሸክላ ኩባያ። ከራስጌዋ፣ ከትንሽ ማሰሮ አጠገብ ይቀመጣል። ማሰሮውን የምሞላው እኔ ነበርኩ። እናቴ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት፣ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ቀን ኩባያውን ላጥበው ብላ አነሣችው። እናቴ አልተቆጣችም። ከእጇ ተቀበለቻትና ደጃፍ ወጥታ ድንጋዩ ላይ ሰበረችው። በማግስቱ ጭቃ አቡክታ ሌላ ሠራች። ልጄ ቆማ ታያት ነበር።

«የእማማን ኩባያ አትንኪ» አልኳት።

«ቆሻሻ ነኝ?» አለችኝ።

«አይደለሽም። ብቻ አትንኪ።»

ከዚያ ወዲያ አልነካችም።

እኛ ጠይብ ነን። አገራችን ከጨፋ ሸለቆ ቀና ሲሉ የሚታየው ደጋ ላይ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቴ ሸክላ ሠሪ። ሰው ማረሻውን ከአባቴ፣ ድስቱን ከእናቴ ይወስዳል፤ ዞር ሲል ቡዳ ይለናል። እኛ ራሳችንን ቤተ እስራኤል እንላለን፤ ጮክ ብለን ግን አንልም። ማተብ እናስር ነበር። በዓል ሲሆን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመን እንመለሳለን። ቤታችን ስንገባ በራችንን ዘግተን ኦሪትን እንጠብቃለን። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን እናጠፋለን፤ ቅዳሜ ዓርብ የተጋገረውን ዳቦ እንበላለን። ሌላ ሰው ያረደውን ሥጋ አንበላም። ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ለብቻው ይቀመጣል። ይህን ሁሉ እናቴ የነገረችኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ ከዚያ በፊት ስሠራው እንጂ ስሙን አላውቀውም ነበር።

ባሌ ከወገናችን አልነበረም። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሸክላችንን ከደጋ ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚያወርድልን እሱ ነው። ክርስቲያን ነበር፤ ደግ ሰው ነበር። ሳገባው አባቴ በሕይወት ሳለሁ ልቅሶ ተቀመጠብኝ። የእሱም ዘመዶች «የቡዳ ልጅ አመጣ» ብለው ከሚሴ ያለውን ቤታችንን ሳይረግጡት ቀሩ። ባሌ ለምን ቅዳሜ ቀዝቃዛ ምግብ እንደማበላው አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ልጃችን አራት ዓመቷ ሳለ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ዘመዶቹ ለቀብሩ መጡ፤ ልጅቱን ሳይስሟት ተመለሱ።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ሲሞት እናቴ እኔ ዘንድ መጣች። ከደጃፍ ቆማ አልገባም አለች። «መጀመሪያ ተመለሽ» አለችኝ። የወጣ ሰው እንዴት እንደሚመለስ አውቅ ነበር። ፀጉሬን ላጨችኝ። ሰባት ቀን ውሃ የነካው ጥሬ ሽምብራ ብቻ በላሁ። በሰባተኛው ቀን ማለዳ ቦርከና ወርደን ጠለቅሁ። ወንዙ ድፍርስ ነበር። ስወጣ ነጠላዋን አለበሰችኝና ሳመችኝ። እነዚያን ሰባት ቀናት ጎረቤቴ ቤት አድራ ነበር፤ ያን ቀን ቤቴ ገባች፤ ከእጄ በላች። እግዚአብሔር ይመስገን።

«ልጄስ?» አልኳት።

«ልጅ የአባቷ ናት» አለች። «ስታድግ ንገሪያት። አውቃ፣ ወድዳ እንዳንቺ ከገባች ትገባለች። ሕፃን አላስገድድም» አለችኝ።

አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ሕፃን አፏን መጠበቅ አትችልም፤ ትምህርት ቤት ይሰሙባታል ብዬ ፈራሁ። ልጄ ማተቧን አስራ አደገች። ሰንበት ትምህርት ቤት ገባች፤ ነጭ ለብሳ ከበሮ መምታት ወደደች። ደስ ሲላት የማያት እዚያ ነበር። እኔም ከደጅ ቆሜ አይቼ እመለስ ነበር።

ከሚሴ ሰው የሚለየው በሥጋ ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ። ከእኛ ቤት ሁለቱም አይገባም። ክርስቲያን ጎረቤቶቼን ሐኪም ከልክሎኛል እላለሁ፤ እስላሞቹን ጾም ነው እላለሁ። አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት እየሳቀች መጣች።

«እማ፣ ‘እናንተ የማንን ሥጋ ነው የምትበሉት?’ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«የሽሮ!»

እኔም ሳቅሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምስጢራችንን የያዘልን አንድ ሰው ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ጎረቤቴ እስላም ናት፤ ባሏ ጨፋ ላይ ማሽላ ያርሳል። መብራት በጠፋ ቁጥር ገል ይዛ እሳት ልትጭር እኛ ዘንድ ትመጣለች። አንድ ዓርብ ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል መጣች።

«አካም ኦልቴ፣ ነጋ?» ብላ እንደ ልማዷ በኦሮምኛ እንዴት ዋልሽ አለችኝ። ፍሟን ገሉ ላይ እያደረገች፣ «ነገ አልመጣምና ዛሬ ልውሰድ» አለችኝ።

ያን ጊዜ አሰብኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ቅዳሜ መጥታ አታውቅም። ቀና ብዬ አየኋት።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለች። «ፈጣሪ፣ ረቢ ያያል። እኔ የሰው ምድጃ ምን አገባኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። የደጋው የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ አባቱን እናቴ ታውቀዋለች። እዚያ በይፋ ተሰብስበው የሚጸልዩ የወገናችን ልጆች አሉ አለን። የወገኖቹን ትውልድ እየዞረ ይጽፋል። እናቴ ደስ አላት። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና እስከ ሰባት ትውልድ አባቶቿን ሳትደናቀፍ ቆጠረችለት።

ሰውየው ብዕሩን አላነሣም። «እማማ፣ የእናቶችዎን ነው የምፈልገው።»

«የእናቶቼን?»

«የእናትዎን፣ የእናትዎን እናት፣ እንዲህ እያሉ ወደ ላይ።»

እናቴ እናቷን ጠራች። አያቷን ጠራች። ከዚያ በላይ ቆመች። «ሴት ማን ቆጥሮ ያውቃል?» አለች።

«በሌላው ዓለም ያሉት ወገኖቻችን በእናት ነው የሚቆጥሩት። እናቱ አይሁዳዊት የሆነች አይሁዳዊ ነው፤ አባቱ ማንም ይሁን።» ሻይ ይዛ ወደገባችው ልጄ በአገጩ አመለከተ። «በነሱ ሕግ ይህች ልጅ ምንም አይጎድላትም። የሚጎድለኝ እኔ ነኝ። እናቴ ክርስቲያን ናት።»

«ምን ትላለህ አንተ ልጅ! አባትህን እኮ አውቀዋለሁ። ከወገን ወገን ነህ!»

«ለእርስዎ ነኝ እማማ። ለነሱ አይደለሁም።»

«ኦሪቱን ማን ቀየረው? ትውልድ ሲቆጠር ‘አብርሃም ይስሐቅን ወለደ’ ነው የሚለው።»

«እናቱ ሣራ ባትሆን ግን እስማኤል ነበር የሚሆነው፣ እማማ።»

እናቴን በነገር ስትረታ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰውየው ሻዩን ጠጣ። የልጄንም ስም ጻፈ። ሲሄድ እናቴ፣ «ይጻፉ። በፈለጉት ይቁጠሩ። እኔ እናቴ ያስተማረችኝን ነው የማውቀው» አለች።

ልጄ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ሸክላ የምሠራበት ጓዳ መጣችና ከፊቴ ቆመች።

«እማ፣ እኔ የማን ነኝ?»

ነገርኳት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ልነግራት የሚገባኝን አሥራ ስድስት አልፏት ነገርኳት። ጭቃውን እያቦካሁ ነው የነገርኳት፤ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ስጨርስ ማተቧን በጣቷ ይዛ ቆማ ነበር።

«ፀጉሬን ትላጪኛለሽ?»

«ካልወደድሽ አልላጭሽም።»

«ካልወደድኩስ?»

«ልጄ ነሽ። ምን ይቀየራል።»

«ለሷስ?»

ጭቃውን መልሼ ማቡካት ጀመርኩ።

«ለአባቴ ዘመዶች የቡዳ ልጅ ነኝ። እዚህ ደግሞ ባዳ ነኝ» አለች። «አዲስ አበባ ያሉ የማያውቁኝ ሰዎች ግን ይቆጥሩኛል። ጥሩ ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ። «ፈተናዬን ልጨርስ። ከዚያ እነግርሻለሁ።»

ኅዳር ሲገባ የእናቴ እግር ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለ፤ ኪኒን ሰጠን። ኪኒኑን ትውጣለች፤ እብጠቱ ይጎድልና ይመለሳል። ከአልጋ ስትውል ልጄን በዓይኗ ትከተላት ጀመር። ልጄ ስታጠና፣ ፀጉሯን ስትጎነጎን፣ ደጅ ልብስ ስታጥብ ታያታለች። አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ጠየቅሻት?»

«ጊዜ ስጡኝ ብላለች።»

«ጊዜ ከየት አመጣለሁ» አለች። ከትራሷ ሥር የተቋጠረ ጨርቅ አወጣች። ሽምብራ ነው። የሰባት ቀን ሽምብራ፤ ጠጠሩን ለቅማ፣ ነቀዙን አውጥታ ቋጥራዋለች። «እሺ ካለች እኔው ነኝ የምላጫት። አንቺ እጅሽ ሻካራ ነው» አለችኝ። መልሳ ከትራሷ ሥር ከተተችው።

ይህን ለልጄ ልነግራት ይገባ ነበር። ፈተና ላይ ናት፤ አስጨንቃታለሁ ብዬ ተውኩት።

የሰንበቴ ገበያ ቀን ነበር። ሦስት ገበያ ቀርቼ ነበር፤ የተተኮሰው ሸክላ ጓዳውን ሞልቶታል። እናቴ ያን ጠዋት ተቀምጣ አጥሚት ጠጣች። ፊቷ ጠርቷል። «ሂጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ማሰሮውን ሞላሁ። ኩባያውንም ቀድቼ፣ እጇ በሚደርስበት አስቀመጥኩ።

ልጄን ደጅ አገኘኋት። «ውሃ ቢያሰኛት ቀድቼላታለሁ። ራሷ ታነሣዋለች። ኩባያውን አትንኪ፤ እንዳታዝንብሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እማ» አለች።

ገበያው ጥሩ ነበር። ስመለስ መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ የነገረን የለም፤ በኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ምክንያቱ አይጠየቅም። ከሚኒባሱ ውስጥ ከእኩለ ቀን እስከ ማምሻ ተቀመጥን። ስልክ አይሠራም ነበር። አንዲት ሴት ዳቦ አካፈለችኝ። ተመስገን እያልኩ በላሁ። ቤቴ ምን እየሆነ እንደነበር አላውቅም።

ቤት ስደርስ ልጄ ከደጃፍ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለቱን እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ይዛለች። ጎረቤቴ ከውስጥ፣ ከእናቴ ራስጌ ተቀምጣለች። የእናቴን ዓይን ጨፍናላታለች። የጎረቤቴ እጅጌ ርሶ ነበር።

«እህቴ፣ ዘግይተናል» አለችኝ። «ውሃውን አፏ ላይ አደረግሁላት። አልዋጠችውም፤ በጎን ፈሰሰ።»

ልጄ ቀና ሳትል ነገሩን እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦ ቀትር ካለፈ በኋላ እማማ ውሃ አሉ። እጃቸውን ሰደዱ፤ ኩባያው ላይ ሳይደርስ ወደቀ። «ልስጥዎ?» አልኳቸው። አዩኝ። ሁለተኛ ጠየቅኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሺ ይሁን እምቢ አላወቅሁም። የጎረቤቶቹ ቤት ሮጥኩ፤ ማንም የለም። ወፍጮ ቤት ድረስ ሮጥኩ። ጎረቤታችንን ከዚያ ይዤ ስመለስ…

እዚህ ላይ አቆመች።

«ለምን አልሰጠሻትም፣ ልጄ?»

«ብነካው ይሰብሩታል ብዬ ነው» አለች። «ሌላ ለመሥራት ደግሞ አቅም የላቸውም።»

ለእናቴ ማልቀስ ያልቻልኩት ከዚህ የተነሣ ነው። እንባዬ ሁሉ ወደ ልጄ ሄደ።

ሬሳዋ መታጠብ ነበረበት። የሚያጥባት ወገኗ መሆን አለበት፤ ከወገኗ ደግሞ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ በእብጠቱ ከብዳለች፤ ብቻዬን ላገላብጣት አልቻልኩም። ጎረቤቴ ብድግ ስትል ልጄ ገባች።

«እኔ ነኝ የማጥባቸው» አለች።

«ሬሳ የነካ ሰባት ቀን…»

«ነግረሽኛል።»

ማተቧን አላወለቀችም፤ እኔም አውልቂ አላልኳትም። ጎረቤቴ መጋረጃውን ጋርዳልን ወጣች። ልጄ ከእግሯ ጀመረች። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖረው አያቷን ነክታት አታውቅም። የእግሯን ጣት አንድ በአንድ አጠበች፤ በየመካከሉ። ትራሷን ስናነሣ ቋጠሮው ወደቀ። ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ ማን ሊላጫት አስቦ እንደነበርም ነገርኳት። ፈትታ አየችው። መልሳ ቋጠረችው።

ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የሌላትን አትቀብርም፤ እኔም ላልወስዳት ቃል ገብቼላት ነበር። የጎረቤቴ ባል ነገሩን ሲሰማ ብዙ አልጠየቀም። «ላፍቲ ከን ረቢቲ» አለ። «መሬቱ የረቢ ነው፤ እኔ የማርሰው ብቻ ነኝ።» በማለዳ ከማሽላው ዳር ቆፈረ። እሱና ወንድሞቹ ተሸከሟት። እኔ የማውቃትን አንዲት የግዕዝ ጸሎት አደረስኩ፤ ትርጉሟን አላውቃትም። እነሱ ራቅ ብለው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። አላህ ይስጣቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ሰባቱን ቀን ከቤቱ ጀርባ፣ ሸክላ ከምሠራበት ጓዳ ተቀመጥን። ለቀስተኛ ሲመጣ ከደጅ ሆነን «የአገራችን ወግ ነው፣ አትጠጉን» አልን። አንዳንዱ አዘነ፤ አንዳንዱ ተሳቀቀ። አንዲት ሴት ከአጥሩ ውጭ ቆማ፣ እንድንሰማት ብላ፣ «ያለ ፍትሐት እንደ ውሻ ማሳ ውስጥ ጣለቻት! ድሮም ጠይብ!» አለች። የመዘምራኑ ልብስ ከሚሰፋበት ቤት ያለች ሴት ናት፤ ልጄን በቁልምጫ ነበር የምትጠራት። ልጄ ድምፅዋን አወቀች።

ጎረቤቴ በየቀኑ ምግብ አምጥታ ከደፉ ላይ ታስቀምጣለች። እኔ እበላለሁ። ልጄ ከሽምብራው ብቻ በላች፤ በየቀኑ አንድ እፍኝ፣ ውሃ እያስነካች። ብይ ብዬ አላዘዝኳትም። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን የጊደር አመድ የገባበት ውሃ ሊረጭብን ይገባ ነበር፤ አመዱም የለም፣ የሚረጨውም ካህን የለም። ባዶ ውሃ ተረጫጨን። እግዚአብሔር ያለንን ያውቃል።

በሰባተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ቦርከና ወረድን። እኔ ጠልቄ ወጣሁ። ልጄ ከዳር ቆማለች፤ ፀጉሯ እንደተጎነጎነ ነው። ሽምብራው አልቋል።

«ብገባ ማን ይቀበለኛል?» አለችኝ።

«እኔ።»

«አንቺማ ድሮም ተቀብለሽኛል።» ወንዙን አየችው። «‘ገብተሻል’ የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ።»

ጎንበስ ብላ ፊቷንና እጆቿን ታጠበች፤ ወጣች። እኔም ግቢ አላልኳትም። በእናት የሚቆጥሩት የጎደላት የለም ይላሉ፤ ስሟ ወረቀት ላይ አለ። በአባት የቆጠረችው ሞታለች። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ልብሴን ጨመቅሁ።

ቤት ስንመለስ ኩባያው እዚያው ነበር። ሬሳ ካለበት ቤት ሳይከደን የቆየ ሸክላ ይሰበራል፤ ሕግ ነው። ልሰብረው ስነሣ፣ «እኔ» አለች። በሁለት እጇ አነሣችው። ዙሪያውን አየችው፤ የእናቴ አውራ ጣት የጎደጎደበትን ቦታ አየችው። ከዚያ ያው ድንጋዩ ላይ ሰበረችው። ስብርባሪውን ጣይው ስላት ወስዳ ፈጨችው። እኛ ገል ፈጭተን አዲስ ጭቃ ውስጥ እንጨምራለን፤ ሸክላው እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ።

«ከጭቃው ይቀላቀላል?» አለችኝ። «ወይስ ርኩስ ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። «የምታውቀው እሷ ነበረች።»

ዱቄቱን ሽምብራው በነበረበት ጨርቅ ቋጠረችው። ጓዳው ውስጥ ተሰቅሏል፤ እስከዛሬ አልቀላቀልነውም።

ልጄ እሑድ እሑድ ወደ መዝሙሯ ትሄዳለች፤ ከቀብሩ ወዲህ ከሸሿት መሀል ከተመለሱላት ጋር ትዘምራለች። ቅዳሜ እሳት አታነድም። ምን ወስነሽ ነው ብዬ አልጠይቃትም። ከገበያ ስመለስ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ከደጅ ትጠብቀኛለች፤ እስክጨርሰው ድረስ ቆማ ታየኛለች። ባይጠማኝም እጨርሰዋለሁ።